ጦርነቱ አልቆ ያልተዘጉት ቤቶች፦ የላይቤሪያ የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ

ከአዲስ አበባ ሎሜ፣ ከሎሜ ደግሞ በአስካይ አየር መንገድ ሞንሮቪያ ገባሁ። አውሮፕላን ማረፊያው ከተማው ውስጥ አይደለም። ሃርቤል የሚባል ቦታ ነው፣ ከሞንሮቪያ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከበሩ ወጥታችሁ ብዙም ሳትሄዱ የጎማ ዛፍ ይከባችኋል። በሰልፍ የተተከለ፣ ማለቂያ የሌለው የሚመስል። የጎማ ኩባንያው ፋየርስቶን ከ1926 ጀምሮ እዚህ አለ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን እንደመጣሁ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሕፃናት ማሳደጊያዎች ጋር ነው የምሠራው። ኢትዮጵያ በ2018 መጀመሪያ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለች። ከዚያ በፊትም ቁጥሩ እየቀነሰ ሲመጣ ብዙ ማሳደጊያዎች ተዘግተው ነበር። ልጆቹ ግን የሆነ ቦታ መግባት ነበረባቸው። ያኔ የእኔ ሥራ ፋይል ይዞ ዘመድ ፍለጋ ነበር፤ ቀበሌ ለቀበሌ፣ አንዳንዴም ገጠር ድረስ። ናይሮቢ ስልጠና ላይ ከአንዲት ላይቤሪያዊት ጋር ተዋወቅን። ሁለት ማሳደጊያ ታስተዳድራለች፤ አንዱ ሞንሮቪያ ዳር ፔይንስቪል፣ ሌላው ግባርንጋ የምትባል ከተማ አጠገብ። ይህን ሥራዬን ስነግራት "ነይና የእኔንም ፋይሎች አብረን እንያቸው" አለችኝ። ስሟን አልጽፍም። ልጆቹ ኦልድ ማ ይሏታል፣ ትልቋ እናት እንደ ማለት ነው፣ እኔም እንደነሱ ልጥራት።

ራሷ መጥታ ተቀበለችኝ። እዚህ አገር ስትጨባበጡ መጨረሻ ላይ የሁለታችሁ የመሃል ጣት ይያያዝና ጧ ይላል። እስኪሳካልኝ ድረስ እጄን አልለቀቀችም።

የካቲት ነው፣ ደረቁ ወቅት። ሙቀቱ ግን እርጥብ ነው፣ ልብስ ላይ ይጣበቃል። ማታ ከጀነሬተር ድምፅ በቀር የማስታውሰው የለም፤ ወዲያው ተኛሁ።

ማክሰኞ

ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የባልዲ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ትልልቆቹ ልጆች ከእጅ ፓምፑ ውሃ ይቀዳሉ፣ ትንንሾቹ በተራ ይታጠባሉ፣ አንዱ ግቢውን ይጠርጋል፣ አንዷ የእህቷን ፀጉር ትሠራለች። አርባ ገደማ ልጆች ናቸው። ለሁሉም አራት የቤት እናቶች አሉ። ሁለቱ ራሳቸው በጦርነቱ ጊዜ እዚሁ ግቢ ውስጥ ያደጉ ናቸው።

ዩኒፎርም ለብሰው ሲወጡ ግቢው ጸጥ አለ፤ ወጥ ቤቱ ግን አይተኛም። የካሳቫ ቅጠል በትልቅ ሙቀጫ ይወቀጣል፣ ሁለት ሴቶች በዘነዘና ተራ በተራ ይመታሉ። ከዚያ በፓልም ዘይት፣ በደረቅ ዓሣና ዓይን በሚያስለቅስ በርበሬ ይሠራና ሩዝ ላይ ይፈስሳል። ሩዝ ነው ነገሩ ሁሉ። ላይቤሪያዊ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር ቢበላ፣ ሩዝ ካልቀመሰ ምግብ አልበላሁም ይላችኋል፤ የኛ ሰው ያለ እንጀራ እንደሚለው። አብዛኛው ሩዝ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነው። በሚያዝያ 1979 መንግሥት የመቶ ፓውንዱን ጆንያ ዋጋ ከ22 ወደ 26 ዶላር ላሳድግ ሲል ሞንሮቪያ በተቃውሞ ተናወጠች፣ ብዙ ሰው በጥይት ሞተ። ዓመት ሳይሞላ ሳሙኤል ዶ የሚመራቸው ወታደሮች ፕሬዚዳንት ቶልበርትን ገድለው እሱ ሥልጣን ያዘ። ኦልድ ማ ይህን የነገረችኝ የወሩን የሩዝ ሂሳብ እየደመረች ነው።

የማሳደጊያ አስተዳዳሪ ሥራ ምን ይመስላችኋል? ልጅ ማቀፍ ይመስላችሁ ይሆናል። የኦልድ ማ ጠዋት እንዲህ ነበር፦ ለሩዝ ነጋዴው ስልክ፣ ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ስለ ቀረ ክፍያ ስልክ፣ አንድ ልጅ ትኩሳት ስላለው የወባ ምርመራ፣ የተቀደደ የአልጋ አጎበር፣ ደመወዙ የዘገየበት ዘበኛ፣ የጀነሬተር ነዳጅ። ቁጭ ብላ ከአንድ ልጅ ጋር ያወራችው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሱንም አስር ጊዜ እየተቋረጠች።

ከምሳ በኋላ ፋይሎቹን ከፈትን። እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ የመጣሁበት ጉዳይ ይሄ ነውና።

የአማፂው መሪ የቻርልስ ቴይለር ታጣቂዎች በ1989 የገና ዋዜማ ከኮትዲቯር ተሻግረው ኒምባ የሚባለው ግዛት ገቡ። ከዚያ እስከ 2003፣ መሃል ላይ አጭር እፎይታ ቢኖርም፣ ሁለት ጦርነት ሆነ። 250 ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ልጆች ከወላጅ ተለያዩ፣ መሣሪያም ተሸከሙ። ከጦርነቱ በፊት በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት ማሳደጊያዎች በጥቂት ዓመት ውስጥ ከመቶ አለፉ። ያኔ ልክ ነበር። ሜዳ ላይ የቀረ ልጅ ጣራ ያስፈልገዋል፣ ሌላ ምንም ጥያቄ የለውም።

ግን ጦርነቱ ካለቀ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ካየኋቸው ልጆች አንዱም ያኔ አልተወለደም። ታዲያ ለምን እዚህ አሉ? ፋይል በፋይል አየን። "እናት በሕይወት አለች፣ ገበያ ትሸጣለች።" "አባት አለ፣ ሌላ አግብቷል።" "አክስት አምጥታ ሰጠች፣ ለትምህርት።" ለትምህርት፣ ለትምህርት፣ ለትምህርት። ሁለቱም ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ልጆች ፋይል አንድ ጎን ስንከምረው ቀጭን ነበር። ኦልድ ማ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በ2007 እዚያ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ በላይቤሪያ ማሳደጊያዎች ላይ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ብዙዎቹ ልጆች ወላጅ እንዳላቸው፣ ለቤተሰብ ትምህርት ቃል እየተገባ ልጅ እንደሚሰበሰብ፣ አንዳንዱ ቤት ለገንዘብ ብቻ የተከፈተ እንደሆነ ጽፏል። የኦልድ ማ ቤት እንደዚያ አይደለም። ልጆቹ ይበላሉ፣ ይማራሉ፣ ማንም አይመታቸውም። ችግሩ ከባድ የሚሆነውም ለዚህ ነው። መጥፎ ቤት መዝጋት ቀላል ነው። ጥሩ ቤት ያለ ልጅን "እናትህ ጋ ተመለስ" ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

ረቡዕ

ጠዋት የሥርዓተ ፆታ፣ የሕፃናትና የማኅበራዊ ጥበቃ ሚኒስቴር ሄድን፣ ለፈቃድ እድሳት። ከፔይንስቪል እስከ መሃል ከተማ ያለው መንገድ መኪና፣ ኬኬ የሚሉት ባጃጅና ሞተር ሳይክል ተደባልቀው የሚገፋፉበት ነው።

ቢሮ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ከኢትዮጵያ መሆኔን ሲሰሙ ተነስተው ጨበጡኝ። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 አንድ ላይ ሆነው ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ዘ ሄግ ፍርድ ቤት የከሰሱበትን ነገር አነሱ። እኔ ስለ ፈቃድ ወረቀት ልጠይቅ ሄጄ ስለ ጃንሆይና ስለ ፕሬዚዳንት ተብማን ሰማሁ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። አገሬ ውስጥ ስንት ወጣት ነው ይህን ክስ የሚያውቀው?

ስለ ሕጉም አወራን። ላይቤሪያ በ2009 የውጭ ጉዲፈቻን አግዳ ነበር። በ2011 የወጣ የሕፃናት ሕግ አላት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያም ግልጽ ነው፦ ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰቡ ለመለየት ምክንያት አይሆንም። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ግን ማሳደጊያዎችን የሚቆጣጠረው የሚኒስቴሩ ሠራተኛ ግባርንጋ ለመሄድ መኪና የለውም፣ መኪና ሲገኝ ነዳጅ የለም። በአገራችንም የወረዳ ባለሙያ ማሳደጊያው በላከለት መኪና ማሳደጊያውን ሊቆጣጠር ሲመጣ አይቻለሁ። ይህ ሰውየውን አያስወቅሰውም፣ በጀቱን የሚመድበውን ነው የሚያስጠይቀው።

ስንመለስ ሲንኮር የሚባል ሰፈር ውስጥ ቅዱስ ጴጥሮስ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋ ቆምን። በሐምሌ 29፣ 1990 የዶ ወታደሮች እዚህ ተጠልለው የነበሩ 600 ያህል ሰዎችን ገደሉ። ብዙ ሴትና ሕፃን ነበረበት። ኦልድ ማ ያኔ ልጅ ነበረች፣ ከዚህ ብዙም በማይርቅ ቤት ተደብቃ ነበር። ከመኪናው አልወረደችም። እኔ ገብቼ ወጣሁ፣ እሷም አልጠየቀችኝም።

ሐሙስ

ወደ ግባርንጋ። ካካታን አለፍን፣ ቶቶታን አለፍን። መንገዱ አስፋልት ነው። ዳር ዳሩን የከሰል ጆንያ፣ ካሳቫ፣ በጠርሙስ የተሞላ ቤንዚን ይሸጣል። ግባርንጋ በጦርነቱ ጊዜ የቴይለር ዋና መቀመጫ ነበረች። ዛሬ ገበያዋ የደራ፣ ሞተር ሳይክል የበዛባት ከተማ ናት።

የእዚህኛው ቤት ዘበኛ በደቡብ ምሥራቅ ካለችው ከዝዌድሩ ከተማ ነው የመጣው። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ ሰላም አስከባሪዎች እዚያ ነበሩ። "አበሻ!" አለኝ ገና ሳልናገር። ወጣት ሆኖ ካምፓቸው አጠገብ ይውል እንደነበርና ኳስ አብረው እንደተጫወቱ ነገረኝ። መሣሪያ ያስረከበውም ያኔ ነው። በዚያ ፕሮግራም ከ100 ሺህ በላይ ሰው ትጥቅ ፈትቷል፣ ከነሱም በሺዎች የሚቆጠሩት ልጆች ነበሩ። እሱ ስንት ዓመቱ እንደነበር አልጠየቅኩትም። አሁን ማታ ማታ የሕፃናቱን በር እየዞረ የሚያየው እሱ ነው።

ይህ ቤት ከፔይንስቪሉ ያነሰ ነው። በ2014 ኢቦላ ሲገባ ነው ልጆች መቀበል የጀመረው። ላይቤሪያ ውስጥ ከ4,800 በላይ ሰው ሞቷል። አንዲት የቤት እናት ያን ጊዜ ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ወላጅ ሞቶበት 21 ቀን ተለይቶ የወጣ፣ በሽታም የሌለበት ልጅ፣ ጎረቤት ውሃ እንኳ በሩቅ ያስቀምጥለት ነበር።

እዚህ ላይ ግን ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በየካቲት 2015 ዩኒሴፍ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ወላጅ ወይም አሳዳጊ ያጡ 16,600 ገደማ ልጆች እንደተመዘገቡ ገለጸ። ከቤተሰብና ከማኅበረሰብ ውጭ መቀመጥ ያስፈለጋቸው ከ3 በመቶ በታች ነበሩ። አስቡት፤ መነካካት የሚገድልበት ጊዜ ነው፣ ሰው ሁሉ ይፈራል፣ ሩዝ ተወዷል። አክስቶችና አያቶች ግን ልጆቹን ወሰዱ። ትንሽ ምግብ፣ ትንሽ ገንዘብና የሚጠይቃቸው ሰው ሲያገኙ ወሰዱ። ይህን ለኦልድ ማ አስታወስኳት። "እኔ እኮ እዚህ ነበርኩ" አለችኝ። "ያኔ ገንዘቡ ወደ አክስቶቹ ሄዶ ነበር። ከዚያ ቆመ።"

ዓርብ

የዛሬው ቀን ረጅም ነው። በጋንታ በኩል አልፈን ኒምባ ውስጥ አንድ መንደር ሄድን፣ የአንድ ልጅ ዘመዶች ጋ። የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። አምስት ዓመቱ ላይ አጎቱ ለትምህርት ብሎ አምጥቶ ለግባርንጋው ቤት ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልመጣም፣ ማሳደጊያውም እስከ ቅርብ ጊዜ አልሄደም። ልጁ አብሮን መኪናው ውስጥ ነው። ልናስተዋውቅ ነው እንጂ ልንተወው አይደለም፤ ይህ በደንብ ተነግሮታል፣ ሶሻል ወርከሩም ከሳምንታት በፊት ብቻውን ሄዶ ቤቱን አይቷል። እንዲያም ሆኖ ልጁ መንገዱን ሙሉ ቦርሳውን እንዳቀፈ ነበር።

መንደሩ ስንደርስ በቀጥታ ወደ አያቱ ቤት አይኬድም። መጀመሪያ የመንደሩ አለቃ ጋ፣ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት ጎጆ ውስጥ ተቀመጥን። ኮላ ነት ከበርበሬ ጋር ቀረበ። መረረኝ፣ ግን በላሁ። አለቃው ለምን እንደመጣን ጠየቁ፣ ኦልድ ማ ቆማ ተናገረች። "ልጁን ልንመልስላችሁ ሳይሆን ልጁ የእናንተ መሆኑን ልናስታውሳችሁ መጣን" አለች። አንዱ ሽማግሌ ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አዩ።

ከዚያ አያትየው መጡ። ልጁን ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙትና ማውራት ጀመሩ፣ በማኖ ቋንቋ። ልጁ አልገባውም። ሰባት ዓመት እንግሊዝኛ ብቻ ነው ያወራው፣ ማኖን ረስቶታል። አያትየው እንግሊዝኛ አይችሉም። የሰፈሩ አንድ ልጅ መሃል ገብቶ አስተረጎመ። የገዛ አያቱን በአስተርጓሚ! ማሳደጊያው ልጁን አብልቷል፣ አስተምሯል፣ ወባውን አክሟል፣ ይህን ሁሉ አይቻለሁ፣ ፋይሉ ላይም አለ። ቋንቋው ሲጠፋ ግን ማንም አልጻፈም። ፋይሉ ላይ እንዲህ የሚባል ሳጥን የለማ።

አጎቱ ትንሽ ቆይቶ መጣ። ሲያየን ፊቱ ተለዋወጠ፣ ልንከሰው የመጣን መስሎት ነበር። ያኔ ምን ሆኖ እንደነበር ነገረን፦ ወንድሙ ሞተ፣ የልጁ እናት ወደ ጊኒ ሄደች፣ እሱ የራሱ አምስት ልጆች አሉት። አንድ ሰው መጥቶ ከተማ ውስጥ ነፃ ትምህርት ቤት አለ አለው። "እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?" አለን። ማንም አልመለሰለትም። እኔም ብሆን እሰጥ ነበር።

ሶሻል ወርከሩ ስሌት አወጣ። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር፣ ለአያትየው ጥቂት ዶሮና ለገበያቸው መነሻ የሚሆን ገንዘብ፣ በየወሩ አንድ ጉብኝት። ሁሉም ተደምሮ ይህ ልጅ ማሳደጊያው ውስጥ በዓመት ከሚያስወጣው ገንዘብ ያነሰ ሆነ። ኦልድ ማ ወረቀቱን ተቀብላ እንደገና ደመረችው። ያው ነው።

የተስማማነው ይህ ነው፦ ለፋሲካ አንድ ሳምንት ይመጣል፤ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ዝናቡን እዚህ ያሳልፋል፤ ከዚያ ልጁ ራሱ ይናገራል። ልጁን ጠየቅነው። "ኳስ አለ?" አለ። አለ።

ቅዳሜ

ወደ ፔይንስቪል ተመለስን። ወገቤ የለም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት መጣ፣ እዚሁ አድጎ አስራ ስምንት ሲሞላው የወጣ። ኬኬ ይነዳል። ከእሱ ጋር የወጡት ሦስት ጓደኞቹ ኩሽ ውስጥ ገብተዋል። ኩሽ ማለት እዚህ መንገድ ዳር ወጣቱን የጨረሰ ዕፅ ነው። ፕሬዚዳንት ቦአካይ በጥር 2024 ሥልጣን እንደያዙ የዕፅ ችግርን ብሔራዊ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ብለው አውጀዋል። ወጣቱ ያለኝን በቃሉ ልጻፈው፦ "ከቤቱ ስወጣ ፍራሽና ድስት ሰጡኝ። መታመሜን የምነግረው ሰው ግን አልነበረኝም።" በአገራችንም ይህን ሰምቻለሁ፣ በሌላ አፍ። ዘመድ ማለት ሀብታም መሆን የለበትም፣ ስልክ ስትደውል የሚያነሳ ሰው ነው።

ማታ የውጭ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፣ ለሁለት ሳምንት የመጡ። ደግ ልጆች ናቸው፣ ኳስና ቀለም አምጥተዋል። ትንንሾቹ ልጆች ገና ስም ሳይጠይቁ አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። ሰው ይህን ሲያይ "እንዴት ፍቅር የተራቡ ናቸው" ይላል፣ ፎቶም ያነሳል። እኔ ያስጨንቀኛል። ቤተሰብ ውስጥ ያለ የሦስት ዓመት ልጅ እንግዳ ሲመጣ እናቱ ቀሚስ ኋላ ነው የሚደበቀው። እነዚህ የሚደበቁበት ቀሚስ የላቸውም። በሁለት ሳምንት ደግሞ የተጠመጠሙበት ሰው ይሄዳል፣ ሌላ ይመጣል። ይህን ለአንዷ በእርጋታ ነገርኳት። አልተቀየመችም፣ "ታዲያ ምን ላድርግ?" አለችኝ። የቤት እናቶቹን አግዢ አልኳት፤ ልብስ እጠቢ፣ አትክልቱን ከትክቺ፣ ማቀፉን ለሚቀሩት ተይላቸው።

እሁድ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን። ሦስት ሰዓት ሙሉ ዘፈንና ጭብጨባ ነበር። ስንወጣ መኪናው የዓሣ ገበያውን ሜዳ አለፈ፣ በ2003 ሴቶቹ ነጭ ለብሰው ለሰላም የተቀመጡበትን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ፣ በፀሐይና በዝናብ። ሌይማ ቦዊ ከመሪዎቻቸው አንዷ ነበረች፤ በ2011 ከኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ጋር ኖቤል ያገኘችው። ኦልድ ማም ከተቀመጡት አንዷ ነበረች። ያን ጊዜ ትፈልግ የነበረው አንድ ነገር ብቻ እንደነበር ነገረችኝ፦ ልጆቹ ቤታቸው እንዲገቡ።

ከምሳ በኋላ ላፕቶፑን ከፍተን ደብዳቤ ጻፍን። አሜሪካ ያለ አንድ የለጋሾች ቡድን ለአዲስ መኝታ ቤት ገንዘብ አሰባስቧል፣ ሠላሳ አልጋ የሚይዝ። ሥዕሉ ሁሉ ተልኳል። ኦልድ ማ ለሁለት ዓመት የለመነችው ራሷ ናት። አሁን ያንን ገንዘብ ለሃያ ስድስት ቤተሰብ ይሁንልን ልትል ነው፤ ለትምህርት ክፍያ፣ ለገበያ መነሻ፣ ለሞተር ሳይክልና ለሁለት ሶሻል ወርከር ደመወዝ። ሃያ ስድስቱን ስም ማክሰኞ ካየነው፣ ዘመድ ካላቸው ልጆች ክምር አንድ በአንድ አወጣን። የሚመለሱበት ዘመድ የሌላቸው ልጆች እዚሁ ይቆያሉ፣ ለነሱ አሮጌው ቤት ጣራው ይጠገናል።

"አልጋ ፎቶ ይነሳል" አለችኝ መሃል ላይ። "አያት ዶሮ ስትሸጥ የሚያሳይ ፎቶ ማን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል? ሙሉውን ሊተዉት ይችላሉ።" ይችላሉ። ያንንም ጻፍነው፤ ባይስማሙ እንኳ የዓርቡን ስሌት አይተው እንዲመልሱልን። ወረቀቱን አያያዝነው፣ የአጎትየውን ጥያቄም እንዳለ አስገባነው።

አስር ሰዓት ላይ ላከችው። ማታ መልስ መጣ፦ ለቦርዱ እናቀርባለን፣ ለመሆኑ ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ ማን ይከታተላቸዋል? ጥሩ ጥያቄ ነው። ኦልድ ማ የጉብኝቱን ሠንጠረዥ መሥራት ጀመረች፣ እኔ ሻንጣዬን እያሰርኩ የወር ወጪውን አነበብኩላት።